የሐጃ ዚርና የመሐሊያው ሕግ

ትናንት ረፋድ ላይ ነው... እዚህ ኻርቱም፣ ዐማራት ሰፈር፣ በምጠብቀው ቤት ደጃፍ ከመሐሊያ ሰዎች ጋር ተናነቅኩ። መሐሊያ የምንለው ማዘጋጃ ቤቱን ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። አሠሪዬ ሐጃ ሱዓድ ጦርነቱ ሲነሳ ካይሮ ገቡ፣ እኔ ቀረሁ። ቁልፉን ሲሰጡኝ አደራ ያሉኝ ዕቃቸውን አይደለም፣ ዚሩን ነው። ዚር ደጅ ላይ የሚቆም፣ መንገደኛ ሁሉ እየቀዳ የሚጠጣበት የሸክላ ጋን ነው። ይኼኛውን ሐጃ ያቆሙት በሞተ ልጃቸው ስም፣ ለነፍሱ ብለው ነው። ሲደውሉ እንኳ ከእኔ ደህንነት በፊት የሚጠይቁት «ዚሩ ሞላ?» ብለው ነው። አይከፋኝም። እኛስ ሐበሾቹ ብንሆን ጥርኝ ውሃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም እየተባልን አይደል ያደግነው?

አሁን ሐጃ ሊመለሱ ነውና ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ ስንቱ ጉድ ወጣ... አሲዱ የሚንጠባጠብ የጄኔሬተር ባትሪ፣ መለያው የተላጠ የበረሮ መርዝ፣ ክዳኑ የማይገጥም የቀለም ማቅጠኛ። መሐሊያም በድምፅ ማጉያ «እንዲህ ያለውን ከተራ ቆሻሻ ለይታችሁ አውጡ፣ እኛ እንወስደዋለን» እያለ ሰፈሩን ሲዞር ሰንብቷል። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ሁሉንም በር ላይ አወጣሁት።

የቆሻሻ መኪናው መጣ። ከኋላው ደግሞ ተቆጣጣሪው በነጭ ፒካፕ። ወረደና ሕጉን ዘረዘረልኝ። ይኼ ዓይነቱ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጫንም፣ ሰው በተሳፈረበት የጭነት ሳጥንም አይጫንም። አንዴ ከግቢ ከወጣ ከመንግሥት ሠራተኛ በቀር ማንም አያነሳውም። ለብቻው በሌላ መኪና ይወሰዳል፤ እሱ እስኪመጣ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ አጠገቡም ሠራተኛ ይቆማል። እውነት ለመናገር ወደድኩት። ጥሩ ሕግ ነው።

ችግሩ በመንገዳችን ላይ ያለው ጥላ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዚሩ የቆመበት የኒም ዛፍ። ሠራተኞቹን አዘዛቸው፣ ባትሪውንም መርዙንም አምጥተው ዚሩ እግር ሥር ደረደሩት።

ይኼ እኮ ሰው የሚጠጣበት ነው አልኩት። ሕጉ የሚለው ጥላ ነው፣ ስለ ዚር የሚል ነገር የለም አለኝ። እንግዲያው ወደ ግቢ ልመልሰው ስለው «መምኑዕ»፣ ክልክል ነው። መኪናው መቼ ይመጣል? «ቡክራ፣ ኢንሻላህ።» የዚህን አገር ነገ ደግሞ እናውቀዋለን... የሚጠብቀው ሠራተኛስ ስለው ትርፍ ሰው የለኝም ብሎ ፒካፑ ውስጥ ገባ።

ደሜ ፈላ። ሮጬ ገብቼ በገመድ የተሠራች በርጩማዬን አመጣሁና ፒካፑ ፊት አስቀምጬ ቁጭ አልኩባት።

ጡሩምባውን ነፋ። አልተነሳሁም።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ተነሺ። መንግሥት ሥራ ላይ ነው።»

«ሥራው ያለው እዚያ ጋ ነው» ብዬ ወደ ዚሩ ጠቆምኩት። «ሠራተኛ ይቁም ያልከው አንተ ነህ። አንተ ሠራተኛ አይደለህም?»

 ከዚያ ያቺን ቃል አወጣት።

«ኢቃማሽን አምጪ።»

እዚህ ላይ አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ከጦርነቱ ወዲህ አልታደሰም። ኢቃማ የሌለው ሐበሻ ባሁኑ ጊዜ እስርና መባረር እንደሚጠብቀው እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ግን እልሁ ከፍርሃቱ በለጠብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«ቤት ውስጥ ነው። ገብቼ እስካመጣው ዚሩን አንተ ትጠብቅልኛለህ?» አልኩት።

 እኔም አልተነሳሁ፣ እሱም አልነዳ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዩናል። ሰውዬው ላቡን በእጁ ሲጠርግ አየሁትና አንድ ነገር መጣልኝ።

ተነሳሁ። የዚሩን ክዳን ከፍቼ በኩባያው ቀዳሁና በመስኮቱ በኩል በሁለት እጄ ሰጠሁት።

«ጠጣ፣ ያ ኡስታዝ፣ ጌታዬ። ሙቀት ነው።»

እዚህ አገር የዚር ውሃ ሲሰጡህ እንቢ አይባልም፣ ነውር ነው። ተቀበለኝ። ወደ አፉ አስጠጋው... ዓይኑ ወደ ዛፉ ሄደ፣ መለያው የተላጠው ጣሳ ላይ አረፈ። ኩባያው ከንፈሩ ጋ ቀረ። ቢጠጣው ኖሮ ተሸንፌ ነበር፤ ሌላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ቀስ ብሎ በመስኮቱ ደፋው።

«ለምን ደፋኸው?» አልኩት።

ኩባያውን መለሰልኝና ወረደ። ሠራተኞቹን በዝቅተኛ ድምፅ አዘዛቸው። በራሱ ፒካፕ የጭነት ሳጥን ላይ አሸዋ አነጠፉ፣ ባትሪውንም መርዙንም ሳያጋድሙ ጫኑ፣ ከኋላ ማንም አልተሳፈረም። ሕጉ አንድም ሳይጎድል ተፈጸመ። ስለ ኢቃማዬ ዳግም ሳያነሳ ሄደ።

እኔም የዚሩን ውሃ ደፍቼ፣ ሥሩን ጠርጌ፣ ውስጡን ደጋግሜ አጥቤ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ ከሚያዞረው ሰውዬ ገዝቼ እንደገና ሞላሁት። የመጀመሪያውን ኩባያ እኔው ጠጣሁ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ሐጃ ናቸው። ሞልቷል አልኳቸው። ስለቀረው ነገር ሲመጡ እናወራለን።

ኢቃማዬ አሁንም አልታደሰም... ዚሩ ግን ሙሉ ነው፤ የጠማው ይምጣ፣ ተቆጣጣሪውም ቢሆን።