ቀለም ቶሎ የሚደርቅበት ከተማ

ከደሴ በተነሳሁበት ምሽት እማዬ ሻንጣዬን ደጋግማ ፈታችው። እሷ የቀለም ቱቦዎቼን አውጥታ ሽሮ ታስገባለች፣ እኔ ሽሮውን አውጥቼ ቀለሙን እመልሳለሁ።

«እዚያ አገር ቀለም የለም?» አለችኝ።

«ሽሮስ ጠፍቶ ነው?»

«የእኔ ሽሮ ግን የለም!»

በመጨረሻ ትርፍ ጫማዬ ቀረና ሁለቱም ገቡ። አቡ ዳቢ የደረስኩት እንዲህ ነው፤ በእግሬ ባለው ጫማ ብቻ፣ የሥዕል አስተማሪ ልሆን።

ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ የምሥለውን ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። አብስትራክት ይባላል። ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ አይሣልበትም፤ ቀለሙ ራሱ ነው ሥዕሉ። ቢሆንም መነሻ ይፈልጋል። የእኔ መነሻ ባኒያስ በሚባል የአቡ ዳቢ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል መስኮት ነበር። አቡ ዳቢ ባሕሩ ስለሚቀርባት በሙቀቱ ወራት አየሯ ላብ በላብ ነው። ውስጥ ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ ያንቀጠቅጣል፣ ውጪ እንፋሎት ነው፤ ስለዚህ መስታወቱ በውጪ በኩል ጉም ይለብሳል። የእኛ የደሴ ጉም ብርድ ይዞ ይመጣል፤ የዚህኛው ትኩስ ነው። ጠዋት በዚያ መስታወት ሳይ የቤቱም የመኪናውም ጠርዝ ይጠፋና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። የምሥለው ያንን ነበር። አንዱን ቀለም በስሱ እቀባለሁ፣ ሳይደርቅ ሌላውን አስከትላለሁ፣ ድንበራቸው እርስ በርሱ ይቀላቀላል።

ከዚያ አል ዓይን የተሻለ ሥራ አገኘሁ። ትምህርት ቤቱ ደስ ይላል፣ ተማሪዎቼ ይወዱኛል፣ ከሥራ በኋላ በቴምር ዛፎቹ ጥላ ሥር እንደ ልቤ እንሸራሸራለሁ። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር የራቀች ናት። አየሩ ደረቅ ነው፣ መስኮቱ ጥርት ያለ፤ የሩቁ ተራራ እንኳ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ቀለሜ ደግሞ ብሩሹን ሳላነሳ ይደርቃል። ለወራት አንድም ሥዕል አልሆነልኝም። ያለ ሥዕል መኖሩን ስላልቻልኩበት ወሰንኩ፦ የቤት ውሌ እስኪያልቅ ካልሆነልኝ ሥራውን ትቼ ወደ አቡ ዳቢ እመለሳለሁ።

ውሌ በሚያልቅበት ሰሞን አከራዬ አቡ ሱልጣን መጡ። ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ሴት አስተማሪን «አብላ» ይሏታል።

«አብላ፣ ትቆያለሽ ወይስ ትለቂያለሽ? ሌላ ተከራይ እየጠበቀኝ ነው።»

ሳልመልስላቸው ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። ጠዋት ተናድጄ አረንጓዴ በወፍራሙ፣ በላዩ ደግሞ የአሸዋ ቀለም የለቀለቅኩበት ሸራ ተሰቅሏል።

«ውሃ እየፈሰሰ ዝም ትያለሽ?»

«ሥዕል ነው፣ አቡ ሱልጣን።»

«የምን ሥዕል! የኤሲው ውሃ ነው! ሻጋታም አውጥቷል!» ብለው እርጥበቱን ለማረጋገጥ መዳፋቸውን ጭነው ወደ ታች ሳቡት።

የላዩ ቀለም ደርቆ እንደ ወተት ስልባቦት ሆኖ ኖሯል፤ ተገፎ ተጨማደደ። ከሥሩ ያልደረቀው አረንጓዴ ብቅ አለ። ለካ ድርቀቱ ራሱ ይሠራል! ላዩ ይድረቅ፣ ሥሩ ይርጠብ፣ ከዚያ መግፈፍ ነው!

«ከንዱራዬን! እጅጌዬን ተመልከቺ!» ነጩ ልብሳቸው አረንጓዴ ሆኗል።

«አጥብልዎታለሁ» አልኩ፣ ዓይኔን ከሸራው ሳልነቅል።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ልብሱን ተይው! ትቆያለሽ ወይ?»

«እቆያለሁ!» ጮኼ መሰለኝ፣ ደነገጡ።

ሸራውን በጣቴ እየገፈፍኩ ስጨርስ ለእማዬ በቪዲዮ ደወልኩላት። እዚሁ እንደምቆይ ነገርኳት። ሥዕሉን አሳየኋት።

«ውይ! በራችን!»

«እማዬ፣ በር አይደለም፣ አብስትራክት ማለት…»

«ይቺ አረንጓዴዋ፣ የተላላጠችው! የራሴን በር አላውቅም? እትዬ ዘይነባ፣ ኑ እዩልኝ፣ ልጄ በራችንን ሣለችው!»

ማስረዳቱን ተውኩት። ጎረቤቷ አይተው ሲሄዱ እማዬ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«እጀታውን ብቻ ረስተሻል» አለችኝ።

በር አልነበረም። አሁን ግን ከሥራ ገብቼ ባየሁት ቁጥር ከበር ሌላ ነገር መሆን እንቢ ብሎኛል። እጀታውን ልጨምርበት ወይስ ልተወው፣ አልወሰንኩም።