ስለ ዝና የመለስሁት

ባለፈው ጥር የልጅ ልጄ ሄለን «እናና፣ ዛሬ ሳትሞክሪው አትቀሪም» ብላ ከደባርቅ በላይ ቡይት ራስ ወዳለው ሎጅ ይዛኝ ወጣች። እሷ ዮጋ የሚሉትን ስፖርት አዲስ አበባ ተምራ መጥታ፣ በጋለ ክፍል ውስጥ ሴቶች ታሠራለች። ውጭ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፤ ውስጥ ሴቶቹ ገና ቁጭ እንዳሉ ያልባቸዋል። እኔማ ሳቄ መጣ። ዕድሜ ልክ የደባርቅን ብርድ ተሸክሞ ኖሮ፣ በስተርጅና ሙቀት ውስጥ ገብቶ እንደ ዶሮ በአንድ እግር መቆም!

«ይህን ላብ እኮ እኛ ድሮ ተቀምጠን ነበር የምናወጣው» አልኋቸው። ሳቁ።

ሄለን ከመጀመሯ በፊት «ከመሀላችሁ ነፍሰ ጡር አለች? ሙቀቱ አይሆናትም» ብላ ጠየቀች።

ከጎኔ ያለችው፣ የሎጁ ወጥ ቤት የምትሠራው ልጅ፣ አንገቷን ደፍታ የምንጣፏን ጫፍ ትጠቀልላለች። ሳቄ እዚያው ቀረ። ይችን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ያን ጊዜ ሠርጌ ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቴ ወይባ ሙቂ ብላ ዳባት ሰደደችኝ። ወይባ ከቆላ የሚመጣ እንጨት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያጨሱታል፤ ሙሽራዋ ቅቤ ተቀብታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከአንገቷ በታች ብርድ ልብስ ይደረብባታል። ስትወጣ ገላዋ እንደ ማር ይቀላል። እንዲህ ስቀልድ የምታዩኝ፣ ጨለማ ጎጆ እስከ ዛሬ እፈራለሁ። ስለዚህ ጓደኛየን ዝናን ጎትቼ ይዣት ሄድሁ። ዝና ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አልወለደችም፤ አማቷም ማጉረምረም ጀምራለች።

የታጨደ የገብስ ማሳ እያቋረጥን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ስንሄድ «ሁለት ወር ሆነኝ መሰለኝ» አለችኝ። «ሆዴ እስኪገፋ ለማንም እንዳትነግሪ።»

በማርያም ብየ ማልሁላት። በእኛ አገር ያልገፋ ሆድ አይወራም፤ የሰው ዓይን ይገባበታል ይባላል።

የወይባዋ ባለሙያ እትየ ጥሩነሽ ትባላለች። ጎጆዋ ውስጥ ሌሎች ሴቶችም ተራ ይጠብቃሉ። ልብሳችንን ስናወልቅ «ፅንስ ያላት ትናገር፤ ይወርድባታል» አለች። ዝና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሷ ከወጣች በዚህ ጨለማ ብቻየን ልቀር ነው።

«ይችማ ባሏን እንኳ በቅጡ ያየችው አይመስለኝም» አልሁ።

ሴቶቹ በሳቅ አለቁ። ዝናም እንደ መሳቅ ብላ ከጎኔ ካለው ጉድጓድ ላይ ተቀመጠች። ጭሱ ሲበረታ «ሞቀኝ» አለችኝ።

«ፈሪ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

በማግሥቱ ወደ ደባርቅ ስንመለስ ሆዷን ይዛ ከባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ አለች። ወረደባት። ጭሱ ይሁን ሌላ፣ ፈጣሪ ያውቃል። አፈሩን በእጃችን ጭረን ቀበርነው። አልወቀሰችኝም። በሠርጌም ቀን መቀነቷን አጥብቃ ዘፈነችልኝ።

ከዚያ ወዲያ አላረገዘችም። ባሏ «መካን ናት» ብሎ ሲፈታት ሽማግሎቹ የተቀመጡት እኛ ቤት ነው፤ ጠላ የምቀዳውም እኔ። «አርግዛ ነበር» ብል ስሟ ይነጻ ነበር። ግን «ታዲያ ምን አገኛት?» ይሉኛል። ማድጋየን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ዝና ዳባት ብቻዋን ኖራ ብቻዋን ሞተች።

ሄለን «በሉ እንጀምር» ስትል ወገቤን ያዝሁ።

«ኧረ ወገቤን። አንቺ ልጅ፣ ደግፊኝና አውጪኝ፤ ይች የልጅ ልጄ አፈር ልታለብሰኝ ነው።»

ሁሉም ሲስቁ የወጥ ቤቷ ልጅ ደግፋ አወጣችኝ። ውጭ ቅዝቃዜው ፊታችንን መታው። የጋቢየን ግማሽ አለበስኋት። ጋቢውን ሰብሰብ አድርጋ «እማማ፣ ማን ነገረዎት?» አለች።

«ምኑን? እኔ ወገቤን ነው ያመመኝ።»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ቁልቁል ወደ ዳባት የሚወስደውን መንገድ አያለሁ። ይችን ታህል ውሸት ለመዋሸት እስክሸብት ጠበቅሁ። ያን ጊዜም እኮ ወገብ ነበረኝ።