የጋሽ ስፖንጅ ጉልበትና የሶፋው ላስቲክ

በሰፈሩ የሚወራው ይህ ነው፦ ሶፋ ሠሪው ጋሽ ስፖንጅ በሁለቱም ጉልበቱ ላይ የሶፋ ሞላ አስገጥሟል። መቶ ሃያ ኪሎ ብረት ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጢጥ ካለ በኋላ ተፈናጥሮ የሚነሣው በሞላው ኃይል ነው። ወሬውን ካፌ ያመጣው አብሮት ጂም የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነው። የመጀመሪያውን ሻይ ሲጠጣ ብረቱ መቶ ሃያ ኪሎ ነበር፤ በሁለተኛው ሻይ መቶ ስልሳ ገባ። ሦስተኛው ላይ ባያስቆሙት ኖሮ ጋሽ ስፖንጅ ጂሙን ከነመስተዋቱ ተሸክሞት ሊወጣ ነበር።

«በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ! ሲነሣ ሲጥ ይላል!»

«ሲጥ ያለው አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ነው» አለው የታክሲ ሹፌሩ።

ወሬው ይጥማል፤ አንድ ነገር ግን አላስኬድ ይላል። ሞላ የተገጠመለት ሰው የካፌውን ሁለት ደረጃ ለመውረድ ግድግዳ ይደገፋል? ባለፈው ሰሞን የወደቀ ቁልፉን ለማንሣት ሲያጎነብስ ወደብ የምትገባ መርከብ ነበር የሚመስለው። ሞላ ቢኖረው ኖሮ ከነቁልፉ ጣራ ላይ ይገኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው።

ጋሽ ስፖንጅ ሶፋ ሲሠራ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሠርቶ ብቻ አይተውም፣ በጀርባው ተሸክሞ ያደርሳል። ደንበኞቹ ተማክረው ይመስል ሁሉም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ሊፍቶቻቸውም ተማክረው ይመስል አይሠሩም። ሸካሚ ቅጠር ሲሉት «ልጄን ለማንም አላሸክምም» ይላል። ስለዚህ ጉልበቱ እምቢ ካለ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው። አምና ጉልበቱን ሲያመው ሐኪሙ ጭኑን እንዲያጠነክር መከረው፤ ጂም የገባውም ለዚህ ነው።

አሠልጣኙ ደህና ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ከበድ ያለ ሲያነሡ የጉልበት ማሰሪያ ያድርጉ። ያሞቀዋል፣ ደገፍ ያደርገዋል» አለው።

ጋሽ ስፖንጅ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሄዶ ማሰሪያውን በሁለት ጣቱ ለጠጥ አደረገና መልሶ አስቀመጠው። «ይሄ እኔን ሊደግፍ? ይሄ የሕፃን ካልሲ ነው!»

ቀጥ ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። የሶፋ መቀመጫ ሥር የሚወጠረውን ሰፊ ላስቲክ ያወጣው ያኔ ነው፤ ያ ላስቲክ አማትን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና ሻንጣቸውን በአንድ ጊዜ የሚችል ነው። በሙያው ሕግ ላስቲክ ተወጠረ የሚባለው በጣት ሲመቱት «ድም!» ሲል ነው። ጋሽ ስፖንጅ ሕጉን ለገዛ ጉልበቱ አላላላም። በእንጨት መወጠሪያው እየሳበ እያንዳንዱን ጉልበት አራት ዙር ጠመጠመ፤ ዘለበት ሰፋበት፤ በጣቱ መታው።

ድም!

«ማነው በር የሚያንኳኳው?» አለች ሚስቱ ከሱቁ ኋላ ካለው ጓዳቸው።

በማግስቱ ጂም ውስጥ ብረቱን ተሸክሞ ቁጢጥ አለና፣ እውነት ለመናገር፣ ፈጠን ብሎ ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ ያየው ይህን ነው። ጋሽ ስፖንጅም ደስ አለው፤ ደስታው ደግሞ ሒሳብ አስተማረው፦ ለዐሥር ደቂቃ ይህን ያህል ከጠቀመኝ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባደርገውስ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሱሪው ሥር ያስረዋል፣ ማታ ይፈታዋል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። የቤቱ እመቤት በር ከፍታ እግሩን አየች።

«ምነው ጋሼ፣ እኛ ቤት ጫማ አይወለቅም እኮ! ይግቡ በጫማዎ!»

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀኝ እግሩ በካልሲ ነው። ጫማው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወልቆ ቀርቷል፣ እግሩም ወሬ አልነገረውም።

ሱቁ ተመልሶ በመርፌ ጫፍ አውራ ጣቱን ነካ አደረገው። ምንም። ጠበቅ አደረገው። ምንም። «አለቀልኝ» አለ። ከዚያ ማንም የዓለም ሐኪም የማያዝዘውን፣ ሶፋ ሠሪ ብቻ የሚያዝዘውን መድኃኒት ለራሱ አዘዘ፦ እግሬ ከደከመ ድጋፍ አንሶታል ብሎ ላስቲኩን አንድ ዙር ጨመረበት።

በሳምንቱ አዲስ ትእዛዝ ይዛ የመጣችን ደንበኛ «ሌላ ሠሪ ፈልጊ፣ እህቴ» ብሎ መለሳት። ሚስቱ የደነገጠችው ያኔ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት፣ በትኩሳትም በሠርጉ ሳምንትም፣ ሥራ መልሶ አያውቅም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ሶፋ አይመልስም!»

አንገቱን ደፋ። «እግሬ አይሰማኝም። ጣቶቼ… ሞተዋል መሰለኝ። ይቆርጡኛል።»

ሚስቱ ነጠላ ጫማውን እግሩ ሥር ወረወረችና «ተነሣ» አለችው። በመንገድ ሙሉ ክንዱን ከዘለበቱ ባልተናነሰ አጥብቃ ይዛው ነበር።

ክሊኒክ ያገኟት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወጣት ናት። ሱሪውን እንዲሰበስብ ነገረችው፤ አየች፤ ከዚያ በጣቷ መታ አደረገችው።

ድም!

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድጋፍ ነው፣ ልጄ።»

«ለምን? ለድልድይ?»

ዘለበቱን ለመፍታት ለሁለት ታገሉ። ሲፈታ ላስቲኩ ተወርውሮ የግድግዳውን የአጽም ሥዕል መታ። የጋሽ ስፖንጅ ቆዳ ላይ የሽመናው መስመር ክር በክር ታትሟል።

«ስንት ሰዓት ነው የሚያስሩት?»

«ከጠዋት እስከ ማታ» አለች ሚስቱ ቀድማ። አሁን ነው የገባት። «እኔ እኮ ድም ድም የሚለው የጎረቤት በር ነው ብዬ!»

«ጋሼ፣ ነርቩንም የደም ሥሩንም ቆልፈው ነው የያዙት። ትንሽ እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ሚስቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠመዝዝ ልትበጥሰው ምንም አልቀራት። ጋሽ ስፖንጅ ዓይኑን ከአውራ ጣቱ ላይ አልነቀለም። መጀመሪያ አንዲት ጉንዳን እግሩ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ዘመዶቿን ጠራች፤ ከዚያ የዓለም ጉንዳን ሁሉ ቀኝ እግሩ ላይ ስብሰባ ተቀመጠ።

«ኧረ! ኧረ ወጋኝ!»

«እሰይ!» አለች ባለሙያዋ። ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ገፋች። «ጉልበትዎ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ጭንዎ ጠንክሯል። ማሰሪያ ከባድ ሲያነሡ ብቻ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ሆኖ፤ ሲጨርሱ ይወልቃል። ማንሣቱ የእርስዎ ሥራ ነው፣ የላስቲኩ አይደለም። መደንዘዙ በሁለት ሦስት ቀን ካልጠፋ ተመልሰው ይምጡ።»

«አይቆረጥም?»

«ላስቲኩ ይቆረጥ!»

ሚስቱ ለማልቀስ ጀምራ ሳቅ ሆነባት። ወደ ቤት ሲመለሱ አንዲት ጠጠር ነጠላ ጫማው ውስጥ ገባችና ወጋችው። ሊያወጣት ጎንበስ አለ፤ ተዋት። «ተሰማኝ!» አለ። እስከ ቤቱ ድረስ እያነከሰ፣ እየሳቀ፣ ጠጠሯን ይዞ ገባ። መደንዘዙም በሁለተኛው ቀን ለቀቀው።

ቅዳሜ፣ የመለሳትን ደንበኛ ራሱ ደውሎ ጠራት። ያን የሕፃን ካልሲ ያለውንም ማሰሪያ ገዛው።

ከሰዓት በኋላ ካፌው በር ላይ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ ሁለት መቶ ኪሎ ላይ ነበር። ጋሽ ስፖንጅ ግድግዳ ሳይደገፍ ሁለቱን ደረጃ ወጣ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመና ሁለቱንም የሱሪ እግሮቹን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ካፌው በሙሉ ጎንበስ አለ። ባዶ ጉልበት ነው፤ ጠጉርና የደበዘዘ የላስቲክ መስመር ብቻ።

«ሞላ የለኝም» አለ። «ኖሮኝም አያውቅም። ላስቲክ ነበር፤ እሱም ሊያነሣኝ ቀርቶ ሊጥለኝ ነበር፣ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። መቶ ሃያ አላነሣሁም፤ ስልሳ ነው። አልተፈናጠርኩም። ሲጥ የሚለውም ወንበሩ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

ሱሪውን ለቀቀና ሻይ አዘዘ።