ከመሻገሪያው እስከ ምንጩ

የኔታ ናሁሰናይ ቃል ተቀምጠው አይፈቱም ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ፣ አዲስ የመጣ ተማሪ ገና አኩፋዳውን ሳያወርድ «ፈለግ ምንድን ነው?» ይሉታል። «በግዕዝ ወንዝ ነው፣ የኔታ» ይላል ልጁ፣ ኮራ ብሎ። እሳቸው መቋሚያቸውን ያነሡና «በል እንሂድ» ይላሉ።

እኔንም ወሰዱኝ። ከመሻገሪያው ተነሥተን ወንዟን ይዘን ሽቅብ! እሾኽ እየቦጫጨረኝ፣ አልቅት እግሬ ላይ እየተጣበቀ፣ እስከ ምንጩ። እዚያ ደርሰን በእፍኛችን ከጠጣን በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱ።

«ፈለገ ማለት ሰነጠቀ፣ ከፈለ ማለት ነው። ይችን ውኃ መንገድ የሰጣት የለም፤ መሬቱን ራሷ ሰንጥቃ ወረደች። እሱ ነው ፈለግ። የእኛ ሰዎች ደግሞ የሄደ ሰው ዱካንም ፈለግ አሉት። እንግዲህ ቃሉን ስትጠራ እግርህ ያስታውስ።»

ያስታውሳል እንጂ! ይኸው ፍኖተ ሰላም አማርኛ ሳስተምር፣ ቃሉን ሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴን ይቀዘቅዘኛል። ኧረ የዚያ ዘመን ነገር! የለመንነውን ደረቅ ቁራሽ በዚያች ውኃ እያራስን ስንበላ እንደኛ የጠገበ አልነበረም። ናፈቀኝ፤ ምን ላድርግ፣ ናፈቀኝ።

ባለፈው የካቲት ወለተ ሥላሴ ደወለችልኝ። የየኔታ የእህት ልጅ ናት፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የምትጦራቸው እሷ ናት። «ከምንጩ ሳልጠጣ አልሞትም ብለው አስቸገሩኝ። ያረጋል ይውሰደኝ ይላሉ» አለችኝ።

ያረጋል እኔ ነኝ። ምንጩ ከደረቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ቦኖ ከገባ ወዲህ ወደዚያ የሚወርድ ስለሌለ፣ ለየኔታ ልንገር ብሎ የደፈረም የለ። ለምን እንደ ደረቀ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አይገኝም። ከምንጩ አናት ያለው የአባቴ መሬት ነው፤ ባሕር ዛፍ የሞላሁበት እኔ። ቤት መሥሪያ ይሆነኛል ብዬ ነዋ! ሰው ሁሉ ሲተክል እኔስ ምን ቀረኝ? አትትከል፣ ምንጩን ይመጥጠዋል ያሉኝ ነበሩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ክፋቴን ስሙ እንግዲህ። አንድ ሃይላንድ የቦኖ ውኃ ሞላሁና ጋቢዬ ሥር ደበቅሁ። መምህሬን ላታልል፣ ያውም ዓይነ ስውር ሽማግሌ!

ክንዳቸውን ይዤ ሽቅብ ወጣን። መንገድ አጋምሰን ቆም አሉ።

«ድምፅዋን አልሰማሁም።»

«በጋ አይደል፣ የኔታ፤ ቀጥናለች።»

መቋሚያቸውን እየተከሉ ተከተሉኝ። ምንጩ ዘንድ ስንደርስ ጎንበስ ብለው እፍኛቸውን ዘረጉ። ቀስ ብዬ ከሃይላንዱ አፈሰስሁላቸው። ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ከንፈራቸውን ነካ አደረጉና መሬት ላይ ደፉት።

«ይች ውኃ ሰው ብብት ሥር የዋለች ናት» አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው በመቋሚያቸው እየዳሰሱ ሄደው አንዱን ባሕር ዛፍ አገኙት። ቅርፊቱን ላጥ አድርገው አሸተቱት።

«የማን ነው?»

የጎረቤት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እምቢ አለኝ። «የእኔ ነው፣ የኔታ። ሁሉም የእኔ ነው።»

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «ሂድ፣ መጥረቢያ አምጣ» አሉኝ።

እዚያው አጠገብ ካለው ከአያ አድማሴ ቤት ተውሼ ስመለስ እዚያው ናቸው። ጋቢዬን ጥዬ፣ እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ፣ የመጀመሪያውን ጣልሁ። ሲወድቅ ሰሙት።

«ስንት ቀረ?»

«ኧረ ብዙ ነው፣ የኔታ። ተቆርጦስ መቼ ይመለሳል ውኃው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ሳልጠጣ አልሞትም ብያለሁ፤ ቁረጥ።»