ዘይኑን የጠራት ድምፅ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

ፊልም ሠሪ ነኝ። በሕገወጥ መንገድ ድንበር ስለሚሻገሩ ሰዎች ፊልም ስሠራ፣ ዘይነባን እዚሁ ከተማ፣ ወሰን በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቅ አግኝቼ ራሷን ሆና እንድትተውን ለመንኳት። ከዓመታት በፊት ከወንድሟ ከኑሪ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ ኑሪ ደክሞት ጫካ ውስጥ ከኋላ ቀረ። በቁልምጫ ስሟ «ዘይኑ!» እያለ ይጣራ ነበር። የሚያሻግራቸው ደላላ «የዞረ እዚሁ ይቀራል» ስላላቸው አልዞረችም። ኑሪ የደረሰበት ሳይታወቅ ቀረ።

«ሌላውን ሁሉ ሥራው፤ ድምፁን ግን እንዳታስገባብኝ» አለችኝ። ማልኩላት።

ምዬ ስወጣ ግን ምን አደረግኩ? አንድ ተዋናይ ቀጠርኩ። የመተማን ጫካ የምንቀርፀው እንጦጦ ላይ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ጠዋቱን ጉም ባህር ዛፉን ውጦታል። ተዋናዩ ከዛፎቹ ጀርባ ተደብቆ፣ ዘይነባ ስታልፍ «ዘይኑ!» ብሎ እንዲጣራ አዘዝኩት። እውነተኛ ድንጋጤዋን ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ የፈለግኩት፤ ማንም አልመከረኝም።

ዘይነባ ጥቂት እንደተራመደች ድምፁ መጣ። የደከመ፣ ውሃ የጠማው ሰው ድምፅ። ዞረች። ፊቷ በራ። «መጣሁ ኑሪዬ!» ብላ ጉሙ ውስጥ ሮጠች። እኔ ለካሜራ ባለሙያው «እንዳታቆም!» አልኩት።

ስንደርስባት ተንበርክካ መሬቱን ትዳብሳለች።

«አንተም ሰምተሃል አይደል?» አለችኝ።

ተንኮሌ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። «ምንም አልሰማሁም» አልኳት። የካሜራ ባለሙያው አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ገሠፅኩት።

ዕቃ ስንጭን ተዋናዩ እያለከለከ ደረሰ። «ይቅርታ፣ ጉሙ መንገድ አሳስቶኝ ነው። ጀመራችሁ እንዴ?»

ቤቴ ገብቼ ቅጂውን አዳመጥኩት። ድምፁ አለ። ድምፁን ከቅጂው ላይ ደመሰስኩት፤ ምስሉን ግን ተውኩት።

ሰው ፊልሙን ወደደው፤ ከሁሉ ይልቅ የዞረችበትን ቦታ። ዘይነባ ግን አእምሮዬ ተነካ ብላ አመነች፤ ሱቁንም ተወችው። እናቷ «ልጄ እዚያ ጫካ ምን ሆነችብኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ድካም ይሆናል እማማ» አልኳቸው።

ማን እንደጠራት አላውቅም። ተዋናዩ ስላልደረሰ ጥፋት የለብኝም ልበል? መሐላዬን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሰምቼ አልሰማሁም ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እስካሁንም ለእናንተ ነገርኩ እንጂ ለእሷ አልነገርኳትም።