እናቴን «አንቺ» ያላት ቀዛፊ

እናቴ ጁምዓ ምሳ ላይ «ጊቤ ወንዝ በታንኳ ሄደን፣ ድንኳን ተክለን አድረን እንመለሳለን፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ» ስትል ወንድሜ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ እጁን መለሰው። ክረምት ላይ የሰፈራችን ወንዝ ሲሞላ ድልድዩን በእግሯ መሻገር ፈርታ በታክሲ ዞራ የምትመጣ ሴት ናት። ስልሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ኮልፌ ገበያ ካለችው የጨርቅ ሱቋ ሌላ የምትሄድበት ቢኖር ለቅሶ ነው፤ አረፋ ሲደርስ ደግሞ አገር ቤት።

«ማን መከረሽ?» አላት ወንድሜ።

«ቲክቶክ ላይ አየሁት።»

የእሷን ቲክቶክ አውቀዋለሁ። ከዳዕዋ ስብከትና ከምግብ አሠራር በቀር ሌላ ነገር መጥቶበት አያውቅም።

ሳህን ላነሳ ወጥ ቤት ስገባ ወንድሜ ተከትሎኝ መጣ። «ቤቱን ልትሸጠው ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎረቤት በሌለበት ልትነግረን ነው።» እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው። ታማ ደብቃን እንደሆነስ? ድሮ እናቴ ስልክ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማት ነበር። ሰሞኑን ግን ስልኳ ሲጠራ ተነስታ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ትሄድና በሹክሹክታ ታወራለች። ማነው ስላት «ደንበኛ ነው» ትለኛለች። ማታ ከኢሻ ሶላት በኋላ ደውሎ ጨርቅ የሚጠይቅ ደንበኛ የት አለ?

የኅዳር ቅዳሜ ጠዋት በወንድሜ መኪና በአየር ጤና አድርገን ወጣን። ሦስታችን ብቻ ነበርን። የወንድሜ ሚስትና ልጆቹ እንዲቀሩ ያዘዘችው እናቴ ናት። «የልጅ ልጆቿን ጥላ የምትዝናና አያት የት ታይታለች?» አለኝ ወንድሜ፣ እሷ ነዳጅ ማደያው ጋ ለሽንት ስትወርድ። ወልቂጤ ምሳ ልንበላ ቆምን። እናቴ ክትፎውን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። መኪናው ውስጥ ስንገባ መስታወቱን ወደ ራሷ አዙራ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው። ሻሹ አዲስ ነው። ወንድሜ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ወንዙ ዳር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ረጅም ታንኳ ይዞ ይጠብቀናል። ባለቤቱም ቀዛፊውም እሱ ነው። «አሰላሙ አለይኩም፤ እንኳን ደህና መጡ» አላት እናቴን ጎንበስ ብሎ። ከዚያ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰጠን። የእኔንና የወንድሜን ማሰሪያ ለማስተካከል ብዙ ታገለ። የእናቴ ግን የሰውነቷን ውፍረት ቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ማሰሪያው ላልቶ ነው የጠበቃት። አንዴ ሳትጎትተው ልክ ሆነላት።

ሰውየው ከኋላ ሆኖ አቅጣጫ ይይዛል፤ እናቴ ከፊቱ፣ ከእሷ ቀጥዬ እኔ፣ ወንድሜ ደግሞ ፊት ጫፍ ላይ ሆኖ ይቀዝፋል። ወንድሜ አቀማመጡን አልወደደውም። ኋላውን ማየት ስለማይችል ሁለቴ ቀዝፎ አንዴ ይዞራል።

«ልጄ፣ ፊት ፊቱን እይ፤ ድንጋይ አለ» አለው ሰውየው።

ማንም ሽማግሌ የሚለው ቃል ነው። ወንድሜ ግን «ልጄ» ሲባል ጀርባው ሲገተር አየሁ።

ውሃው ደፍርሶ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ። አንድ ጠመዝማዛ እንዳለፍን ራቅ ብሎ የጉማሬ ጆሮዎች ከውሃው ብቅ አሉ። እናቴ ለማየት ብድግ ስትል ታንኳው ወደ ጎን ዘመመ።

«ተቀመጪ» አለ ሰውየው።

«እሺ» ብላ ቁጭ አለች። አባታችንን እንኳ እንዲህ ቶሎ እሺ ብላው አታውቅም።

ትንሽ ቆይቶ «ይቅርታ፣ ይቀመጡ ለማለት ነው» አለ። ወንድሜ መቅዘፉን አቁሞ ነበር። ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚወጣው የለመደው ቃል ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ወንድሜም ያውቃል። ሰውየው ታንኳውን በወዲያኛው ዳር አስጠግቶ ጉማሬዎቹን በዝምታ አሳለፈን።

አሸዋማ ዳር ላይ ወርደን ድንኳን ተከልን። ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብ ሰግደን ሰውየው የጠበሰልንን ዓሣ ስንበላ ወንድሜ ምርመራውን ጀመረ።

«ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት ሴቶች። ሁለቱም ጅማ ተድረዋል።»

«ባለቤትዎስ?»

«ሞታለች። አላህ ይማራት።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«ወልቂጤ። የራሴ ነው።»

«አዲስ አበባ ይመጣሉ?»

ሰውየው እሳቱን ቆሰቆሰ። «ከተጠራሁ» አለ።

እናቴ ከዓሣው አጥንት መልቀም ቀና አላለችም።

ሰውየው «አንኮራፋለሁ» ብሎ ድንኳኑን ከታንኳው ወዲያ አርቆ ተከለ። ወንድሜ ደግሞ ጅብ እጠብቃለሁ ብሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ደጅ ተቀመጠ። ፊቱ ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ታንኳው ነበር።

ሲነጋጋ፣ አዞ ስለፈራሁ ወንዙን ትቼ ከጄሪካን ለሶላት ውዱእ ሳደርግ እናቴ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«እህስ፣ ምን አያችሁ?»

«ምኑን?»

«ሰውየውን ነዋ። ለእሱ አይደል ያመጣኋችሁ።»

ጄሪካኑን አስቀመጥኩት።

«አገር ቤት ለቅሶ ላይ ነው የተዋወቅነው። ላግባሽ ብሎኛል። እኔ ደግሞ አላመንኩትም» አለች። «አባታችሁን ቤተሰብ ነው የመረጠልኝ፤ እኔ ወንድ መርጬ አላውቅም። ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ሁሉ ደስ ይለኛል። ጨርቅ በጣም ካማረኝ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። እሱን መገልበጥ ግን አቃተኝ። ወንድምሽ ማንንም አያምንም፤ እሱ ይገልብጥልኝ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽንም ታዲያ?»

«ብነግራችሁ ወይ ተቆጥታችሁ ወይ አዝናችሁልኝ ነበር የምታዩት። እኔ የፈለግኩት ተጠራጥራችሁ እንድታዩት ነው።»

አለመታመሟን ሳውቅ ቀለለኝ። ወዲያው ደግሞ አባታችን ትዝ አለኝ። ጄሪካኑን አንስቼ ውዱኤን ቀጠልኩ።

ለወንድሜ መኪና ውስጥ፣ ወልቂጤን ካለፍን በኋላ ነገረችው። መሪውን ጨብጦ ሰበታ ድረስ ነዳ።

«ውሸታም አይመስለኝም» አለ በመጨረሻ።

«በምን አወቅክ?»

«ተቀመጪ ሲልሽ ዞሬ አየሁት። ጉማሬውን ትቶ አንቺን ነበር የሚያየው።» ጥቂት ከነዳ በኋላ ግን ጨመረ፤ «ቢሆንም ወልቂጤ ያለውን ቤቱን ሄጄ አየዋለሁ።»

ሄዶም አየ። ጎረቤት ጠየቀ፣ መስጊዱን ጠየቀ፣ ጅማ ድረስ ወርዶ ከሰውየው ልጆች ጋር ምሳ በላ። እነሱም እናቴን የሚጠረጥሩ መሆናቸውን ሰምቶ ትንሽ ቅር አለው። ኒካው ሳሎናችን ውስጥ ጥቂት ሽማግሌዎች ባሉበት ታሰረ። የሙሽራዋ ወሊ ሆኖ፣ በአባቷ ፋንታ የዳራት ወንድሜ ራሱ ነው።

አሁን እናቴ አንዳንዱን ወር ወልቂጤ፣ አንዳንዱን ኮልፌ ትከርማለች፤ ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። ወንድሜ ሲደውልላት መጀመሪያ የሚጠይቀው «አጠገብሽ አለ?» ብሎ ነው። አለ ካለችው ደህንነቷን ጠይቆ ይዘጋል፤ የለም ካለችው ብዙ ያወራታል። ስለዚህ ሰውየው ጎኗ ተቀምጦ እያለ «የለም» ትለዋለች።