የክረምት ፀሐይ ባለቤት

ባለፈው ሐምሌ አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ክረምትን በጤናና በደስታ ስለ ማሳለፍ ስትመክር ሰማሁ። ዝንጅብሉን በማር፣ ነጭ ሽንኩርቱን በሾርባ አድርጉት አለች። ጥሩ ነው። ቀጥላ ግን፣ «ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ በቃ ወጣ በሉና ሙቁ፤ ፀሐይ እኮ ነፃ ናት!» ብላ ሳቀች። ሬዲዮውን ዘጋሁት። ልጅቷ አላጠፋችም። እኔ ግን ፀሐይ ባለቤት የነበራትን ግቢ አውቃለሁ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ወይዘሮ የሺ ከሚባሉ ሴት ግቢ ተከራይተን ነበር። እሳቸው ከፊት ያለውን ሰፊ ቤት ይዘው ጠላ ይሸጣሉ፤ እኛ ተከራዮቹ ከኋላ በተደረደሩት የጭቃ ክፍሎች እንኖራለን። ክረምት ሲገባ ክፍላችን እርጥብ ጋቢና ዳማከሴ ይሸት ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው የዳማከሴ ጭማቂ በቡና ይጠጣል። እናቴ ተልባ ቆልታ ትወቅጥና ለብ ባለ ውኃ በማር ትበጠብጥልናለች። ሲመሽ የበቆሎ እሸት እየጠበስን እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ እኔ ጎንደርን ደጋግሜ ስለሰጠሁ አባቴ «የተረፈሽ አገር አለ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በዚያ ብርድ መድኃኒቱም ሳቁም ከእጃችን አይጠፋም ነበር።

ፀሐይ ግን ከእጃችን አልነበረችም። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ሁሉ ጭቃ ስለሆነ፣ ሰው ሊቀመጥበት የሚችለው ደረቅ ቦታ ወይዘሮ የሺ ደጃፍ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ደግሞ እሳቸው የጠላ ብቅላቸውን ያሰጡበታል። እኛ ሕፃናቱ ጥግ ጥጉን ይዘን ትከሻችንን ለማሞቅ ስንሞክር በመጥረጊያ እንባረራለን።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ እኩዮቹ ሲሮጡ ገና መቆም አቅቶት ነበር። የእጁ አንጓ አበጥ ያለ ነው፤ ሲተኛ ራሱን ያልበዋል። የሰፈሩ ሰው ዓይን በልቶታል አለ። እናቴም ሰው እንዳያየው በጋቢ ጠቅልላ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አስራ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠችው። ልጁ ከሰው ዓይን ተሰወረ፤ ከብርሃንም አብሮ ተሰወረ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ስትወስደው ነርሷ አገላብጣ አየችውና፣ «ይህ ልጅ የተራበው ፀሐይ ነው። ልብሱን አውልቀሽ ጠዋት ጠዋት አስሞቂው። በዚሁ ከቀጠለ እግሩ ይጣመማል» አለቻት።

እናቴ ነርሷን አመነች። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ታደሰን ቅቤ ቀብታ ይዛው ወጣች፤ ድንጋዩ ዳር ቁራጭ ምንጣፍ ዘርግታ አስተኛችው። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ የሺ ብቅ አሉ።

«ብቅሌ አጠገብ የልጅ ሽንት? ደግሞስ ይሄን የመሰለ በሽተኛ ደጄ ላይ ተጋድሞ ያየ ደንበኛ ጠላዬን ይጠጣል?»

«እሺ እሜቴ» አለች እናቴ። ልጁን አንሥታ ገባች።

ሌላ ቀን ፀሐይ ወጣች፤ እናቴ ግን በሩን አልከፈተችም። ቤት ተነጥቀን የት እንገባለን ብላ ትፈራ ነበር። ለምን ዝም ትያለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አለችኝ። ያንን ተረት ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። ዝምታው ላይነቅዝ ይችላል፤ የወንድሜ አጥንት ግን እየነቀዘ ነበር። እሳቸው ብቅላቸውን በየሰዓቱ እያገላበጡ ያሞቃሉ፤ ልጃችን በጨለማ ተኝቷል። ይህን ሁሉ በበሩ ቀዳዳ አይ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ባሏ ጨርቅ የሚነግድ፣ ድምፅዋን ለማንም የማትቀንስ ሴት ነበረች። ነርሷ ያለችውን ከእኔ ሰማች። ደመናው በተገለጠ ጊዜ ሳታስፈቅድ ገብታ ታደሰን ከመጋረጃው ጀርባ አወጣችው፤ ብቅሉን በእጇ ገፋ አድርጋ ድንጋዩ መሐል ቁጭ አለች። ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ ልብሱን አወለቀች።

«ዘይነባ! ብቅሉ አይታይሽም?» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«አየሁት፣ እትዬ። ቆንጆ አድርጎ ደርቋል። አሁን ተራው የልጁ ነው።»

«ግቢው የኔ ነው!»

«ግቢውማ የርስዎ ነው። ፀሐይዋን ከማን ገዟት? ሻጩን ይንገሩንና እኛም ትንሽ እንግዛ።»

ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። አንዷ በርጩማዋን ይዛ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሌላዋም ልጇን አስከተለች። ወይዘሮ የሺ ብቅላቸውን በሰፌድ አፍሰው ገቡና በሩን ወረወሩት። እናቴ ከበራችን ሳትወጣ ቆማ ታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፀሐይ በወጣች ቁጥር ታደሰ ድንጋዩ ላይ ነበር። ቆዳው ቀላ፤ መሳቅ ጀመረ።

ወይዘሮ የሺ ለእናቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። የዕንቁጣጣሽ ሰሞን እትዬ ዘይነባን ቤት ልቀቂ አሏት። ምክንያት አልሰጡም፤ የጠየቃቸውም የለም። ድንጋዩ ላይ ከልጆቻቸው ጋር ሲሞቁ የከረሙት ሴቶች ሁሉ ያን ቀን ሥራ በዛባቸው። ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው በጭቃው መሐል ወጡ። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የሰማት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ታደሰ የመስቀል ዕለት ግድግዳ ይዞ ቆመ። ግቢው ሁሉ እልል አለ። እልልታው የሚገባት ሴት ግን የት ሰፈር እንደገባች እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ብዙ ዓመት አልፎ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን የምኖረው ቂርቆስ ነው። ተልባውንና ማሩን በማሰሮ አሽገው፣ «የተፈጥሮ» ብለው ጽፈው በየሱቁ ይሸጡታል፤ ይሁን፣ ገዝተን እንጠጣለን። ፀሐይዋን ግን በዙሪያችን የበቀሉት ፎቆች እየቆራረሱ ወስደዋታል። እኔ ደጅ ጠዋት ትንሽ ትደርሳለች። ባለፈው ነሐሴ ከጎረቤት ሰርቪስ ቤት የተከራየች ልጅ፣ አራስነቷን ገና የጨረሰች፣ ሕፃኗን ታቅፋ በሬ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ የኛ ግቢ ፀሐይ ባለበት በኩል መኪና ይቆማል። እዚህ ጋ ትንሽ ብቀመጥ ይከፋዎታል?»

«ፀሐይ ለመሞቅ ማን አስፈቅጂ አለሽ?» አልኳት። ድምፄ ከአሰብኩት በላይ ጮኸ። ልጅቷ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እማማ» ብላ ሕፃኑን ሸፍና ልትመለስ ዞረች።

ቁጣው ለማን እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፤ ደመናው እየመጣ ነው። ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። ሕፃኑን ተቀበልኳትና ልብሱን ራሴ አወለቅሁለት።